«ጎሪላስ ኢን ዘ ሚስት»ን ያያችሁ ኑ እስቲ፤ የዳያን ፎሲን ታሪክ ፊልሙ ምን ያህሉን ነገረን?

ፊልም_ወዳጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን «ጎሪላስ ኢን ዘ ሚስት»ን እንደገና አየሁት። የ1988 ፊልም ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጽፈው)። ዳይሬክተሩ ማይክል አፕቴድ ነው። ዳያን ፎሲን ሆና የምትሠራው ሲጎርኒ ዊቨር ናት።

ታሪኩን ለማታውቁት ባጭሩ ልበል። ፎሲ አሜሪካዊት ናት። ኬንታኪ ውስጥ ሉዊቪል ከተማ፣ በአንድ የሕፃናት ሆስፒታል አካል ጉዳተኛ ልጆችን ትረዳ ነበር። በ1966 የጥንተ ሰው ተመራማሪው ሉዊስ ሊኪ እዚያው ከተማ ንግግር ሊያደርግ ሲመጣ ሄዳ አነጋገረችው። ሊኪ ደግሞ የተራራ ጎሪላን ረጅም ጊዜ ተቀምጦ የሚያጠና ሰው እየፈለገ ነበር። በ1967 መጀመሪያ ኮንጎ ውስጥ ካባራ በሚባል ቦታ ድንኳኗን ተከለች። ብዙም ሳትቆይ አገሩ ታመሰና ወታደሮች ከተራራው አወረዷት። እሷ ግን አገሬ ልግባ አላለችም። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ በሩዋንዳ በኩል ወጥታ፣ በካሪሲምቢና በቪሶኬ ተራሮች መካከል ካሪሶኬ የተባለውን የምርምር ካምፕ መሠረተች። በ1985 ዲሴምበር እዚያው ጎጆዋ ውስጥ በገጀራ ተገደለች።

ፊልሙን እወደዋለሁ። ያልተዋጠልኝ ግን አንድ ነገር አለ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምናየው አንዲት ሴት ብቻዋን ዓለምን ስትጋፈጥ ነው። ሩዋንዳውያኑ ወይ አዳኞች ናቸው፣ ወይ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ባለሥልጣናት፣ ወይ ደግሞ አንድ ደግ ረዳት። ሰምባጋሬ የሚባለው ዱካ ተከታይ ብዙ ሰዎችን አጠቃልሎ የተፈጠረ ገጸ ባሕርይ ነው። በእውኑ ዓለም ግን እነዚያን ጎሪላዎች ቀን በቀን እየተከተሉ፣ ወጥመድ እየነቀሉ ያቆዩአቸው ብዙ የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ኮንጎ እያለች ዱካ መከተልን ያስተማራት ሳንዌክዌ፣ ከእሷ በፊት ጎሪላዎቹን ካጠናው ከጆርጅ ሻለር ጋር የሠራ ሰው ነበር። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ፊልሙ ለምን በስሙ አልጠራውም? እናንተስ እንዴት አያችሁት?

ማኅደር፦

እኔ ይሄን ፊልም ሳየው ዲጂት የሚባለው ጎሪላ ሲሞት መቀጠል አቅቶኝ አቁሜዋለሁ። ስለዚህ ፎሲን ለመውቀስ አትቸኩሉ እባካችሁ።

ዲጂትን ከልጅነቱ ጀምሮ ነው የምታውቀው። ጣቱ የተጎዳ ነበርና ስሙንም ከዚያ አወጣችለት። የሩዋንዳ ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ፎቶውን ፖስተር ላይ አውጥቶት ነበር፤ «ኑና ሩዋንዳ ላይ እዩኝ» የሚል ዓይነት ጥሪ። በ1977 የመጨረሻ ቀን፣ ዲሴምበር 31፣ አዳኞች ከነውሾቻቸው ቡድኑ ላይ መጡ። ዲጂት ኋላ ቀርቶ ገጠማቸው። አንድ ውሻ ገደለ። ጦር በላዩ ላይ እየወረደ የቀሩት አመለጡ። ጭንቅላቱንና እጆቹን ቆርጠው ወሰዱ። የእሱን ልጅ ያረገዘችው ሲምባ ካመለጡት አንዷ ነበረች። ገና ሰባት ወር ሳይሞላ ደግሞ የቡድኑ አውራ አንክል በርትና ማቾ የምትባለው እንስት ተገደሉ።

ይሄን ሁሉ በዓይኗ ያየች ሰው ብትመርር ይፈረድባታል? ማንም ዞር ብሎ ባላየበት ጊዜ እዚያ ተራራ ላይ የነበረችው እሷ ናት። እኔ ፊልሙ ስለ እሷ ብቻ መሆኑ አላስከፋኝም። የሕይወት ታሪክ ፊልም አይደል እንዴ?

ሲኒማ_ቤት፦

ስለ አሠራሩ ትንሽ ልጨምር፤ ይሄ ፊልም በዚህ በኩል በቂ ክብር የተሰጠው አይመስለኝም።

የተቀረጸው ሩዋንዳ ውስጥ፣ እዚያው ተራሮቹ ላይ ነው። ዊቨር ከእውነተኛ የዱር ጎሪላዎች ጋር ተቀምጣለች። ጎሪላ ቀረብ ብሎ ሲነካት የምታዩት ፊቷ ትወና ብቻ አይደለም። እንስሳውን ማዘዝ አይቻልም። የሚመጣውን ጠብቀህ መቅረጽ ነው። የግድያውንና የማሳደዱን ትዕይንት ግን በእውነተኛ እንስሳ መሥራት ስለማይቻልና ስለማይገባም፣ ሪክ ቤከር በሠራቸው የጎሪላ ልብሶች ውስጥ ሰዎች ገብተው ነው የተጫወቱት። እንደገና ስታዩት የቱ እውነተኛ የቱ ሰው እንደሆነ ለመለየት ሞክሩ፣ በብዙ ቦታ ያስቸግራችኋል።

ከጎሪላዎቹ ቀረጻ ጀርባ ያለው አለን ሩት ነው። በ1963 ፎሲ ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ መጥታ ጎሪላ ያየችው እሱና ባለቤቱ ካባራ ላይ ፊልም ሲሠሩ አግኝታቸው ነው። የእሷን የመጀመሪያ ቀን በዓይኑ ያየ ሰው ታሪኳን ሲቀርጽ ማለት ነው። ይሄ በጣም ነው የሚነካኝ።

ፊልሙ ለአምስት ኦስካር ታጭቶ አንድም አላገኘም። ዊቨር ግን ጎልደን ግሎብ ወስዳለች፤ የሞሪስ ዣር ሙዚቃም እንዲሁ። ዊቨር ከዚያ በኋላም ጎሪላዎቹን አልተወቻቸውም፣ በፎሲ ስም የቆመው ድርጅት የክብር ሊቀመንበር ሆና ስትሠራ ቆይታለች።

ድክመቱን ልናገር ካላችሁኝ የፍቅሩ ታሪክ ነው። ቦብ ካምቤል የናሽናል ጂኦግራፊክ ፎቶ አንሺ ነበር፣ ሥራው ትልቅ ነው፤ ፎሲን ዓለም ያወቃት በእሱ ፎቶዎች ነው። ፊልሙ ግን ከካሜራው ይልቅ ፍቅሩ ላይ ረጅም ጊዜ ያጠፋል። ያ ሁሉ ደቂቃ ለሳይንሷ ቢውል ምን ነበረበት! ካምብሪጅ ዶክትሬቷን ሠርታለች፣ ፊልሙን ያየ ሰው ግን ይሄን ሳያውቅ ነው የሚወጣው። ከ1980 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት አሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሆና መጽሐፏን መጻፏም የለም።

ባዮሎጂ_መምህር፦

@ማኅደር እህቴ፣ ሐዘኗን ማንም አይክድም። ግን በዚያ ሐዘን ውስጥ ያደረገችውንም እንይ። ፊልሙ ላይ አንድ አዳኝ ገመድ አንገቱ ላይ አስገብታ የምትሰቅለው መስላ የምታስፈራራበት ቦታ አለ፣ የአዳኞችን ጎጆ ስታቃጥልም ይታያል። በእውን ያደረገችው ከዚህ ያላነሰ ነው። የተያዙ አዳኞችን በሳማ ስትገርፍ ነበር። በአንድ ወቅት የአንድ አዳኝ ልጅ ይዛ አቆይታለች። ልጅ! ይሄን የጻፉት ጠላቶቿ ብቻ አይደሉም፣ ራሷም በደብዳቤዎቿ ጽፋዋለች።

ደሞ አዳኝ ስንል ማንን ነው? ብዙዎቹ ባትዋ ናቸው። ከጥንት ጀምሮ ከጫካው የሚኖሩ ሰዎች፣ ጫካው ፓርክ ሲሆን መኖሪያቸውን ያጡ። የሽቦ ወጥመዱን የሚያጠምዱት በአብዛኛው ለድኩላና ለሚዳቋ ነበር። ጎሪላ ሲያልፍ እጁ ይገባል፣ ሽቦውን በጥሶ ይሄዳል፣ ሽቦው ግን እጁ ላይ እንደተጠመጠመ ይቀራል። ሥጋውን እየቆረጠ ይገባና እጁ ይበሰብሳል። ብዙ ወጣት ጎሪላዎች በዚህ ሞተዋል፣ የተረፉትም እጃቸው ወይም እግራቸው ጎደሎ ሆኗል። ሆን ብሎ ጎሪላ መግደል ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያ ለጭንቅላትና ለእጅ ንግድ፣ ወይ ግልገሉን ወስዶ ለውጭ መካነ እንስሳት ለመሸጥ ነው። አንድ ግልገል ለመያዝ እናትም አውራም ይገደላል፣ አሳልፈው አይሰጡማ። በ1969 ኮኮና ፑከር የሚባሉ ሁለት ግልገሎች ለጀርመኑ የኮሎኝ መካነ እንስሳት ተይዘው፣ ታመው ሲደክሙ ለፎሲ ተሰጧት። አስታመመቻቸው፣ ዳኑ። ከዚያ ወሰዷቸው። ሁለቱም በ1978 እዚያው ኮሎኝ ሞቱ። ፊልሙ ይሄን ሁሉ ንግድ በአንድ ነጋዴ ገጸ ባሕርይ ላይ ነው የጫነው፣ ጀርባው ያለው የገዢዎቹ ፍላጎት ግን ሳይነካ አለፈ።

ሌላም አለ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ከሩዋንዳ ፓርክ ላይ 10,000 ሄክታር ገደማ ለፓይረትረም እርሻ ተቆርጧል። ፓይረትረም ለፀረ ተባይ የሚሆን አበባ ነው፣ ለአውሮፓ ገበያ። የጎሪላዎቹ መኖሪያ ከማንኛውም አዳኝ በላይ የጠበበው በዚህ ነው። በ1960 ቪሩንጋ በሚባሉት በእነዚያ ተራሮች ላይ 450 ገደማ ይሆናሉ ተብለው የነበሩት በ1981 ቆጠራ 250 ገደማ ብቻ ቀሩ። የአበባ እርሻ ግን በፊልም ላይ ክፉ ሰው አይሆንም።

ማኅደር፦

@ባዮሎጂ_መምህር ልጁን ይዛ ማቆየቷን እኔም አልደግፍም። ጭካኔ ነው። ግን እስቲ ንገረኝ፣ እሷ ወጥመድ ባትነቅል፣ ጠባቂ በራሷ ገንዘብ ባትቀጥር፣ ያቺ 250 ራሷ ትኖር ነበር? እሷ መስመር ያለፈችው ሌላው ሁሉ እጁን አጣጥፎ ስለተቀመጠ ነው። ዛሬ ላይ ቁጭ ብለን ስናወራ ቀላል ነው።

ባዮሎጂ_መምህር፦

የእሷ ሥራ ጊዜ ገዝቷል፣ ይሄን እቀበላለሁ፣ ጠባቂ አሰማርታ ወጥመድ ማስነቀሏ ትክክለኛ ሥራ ነበር። የማልቀበለው ግን ከጎረቤት ሕዝብ ጋር ያላትን ጠላትነት ነው። ከዲጂት ሞት በኋላ ከውጭ ገንዘብ ተሰበሰበ። በ1979 በዚያ ገንዘብ ሌላ ፕሮጀክት ተጀመረ፤ ቢል ዌበርና ኤሚ ቬደር የሚባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ከዋናዎቹ ነበሩ። ሐሳባቸው ጥበቃውን ማጠናከር፣ በየትምህርት ቤቱ ማስተማር፣ ቱሪስት በትንሽ ቁጥር አስገብቶ አገሪቱ እንድትጠቀም ማድረግ ነበር። ፎሲ ተቃወመችው። ቱሪስት በሽታ ያመጣል፣ እንስሳቱን ይረብሻል አለች። ስለ በሽታው ልክ ነበረች፤ ጉንፋናችን ጎሪላን ይገድላል። መንገዱ ግን ሠራ። አሁን ቪሩንጋና የኡጋንዳው ብዊንዲ ተደምረው ከ1,000 በላይ የተራራ ጎሪላ አለ። በ2018 «እጅግ ከፍተኛ አደጋ ላይ ያለ» ከሚለው ደረጃ አንድ ደረጃ ተሻሽሏል። ፊልሙ ይሄ ክርክር እንደነበረ እንኳን አይነግረንም።

ኪጋሊ_ነዋሪ፦

ሰላም ወገኖች፣ ለሥራ ሩዋንዳ ስለምኖር ያየሁትን ልጨምር። ጉዞው የሚጀመረው ኪኒጊ ላይ ነው። ለአንድ የጎሪላ ቡድን በቀን ስምንት ጎብኚ ብቻ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ። ያስነጠሰ ወይም የሚያስል ሰው ይመለሳል። ለውጭ ጎብኚ የመግቢያ ፈቃዱ ከ2017 ጀምሮ 1,500 ዶላር ነው። ከፓርኮች ገቢ 10 በመቶው በዙሪያው ላሉት ነዋሪዎች ይውላል። በዚህ ገንዘብ የተሠራ የውሃ ቦኖ፣ የትምህርት ክፍል፣ ጎሽ እርሻ እንዳይገባ የተካበ የድንጋይ አጥር በዓይኔ አይቻለሁ።

ፊልሙ ላይ ዊቨር ጎሪላውን እጁን ይዛ የምታለቅስበት ቦታ አለ አይደል? ዛሬ ያንን ማድረግ ክልክል ነው። ራቅ ብለህ ትቆማለህ፣ ጎሪላው ከቀረበህ አንተ ታፈገፍጋለህ። አስጎብኚው ዝቅ ብሎ እንደ ማጉረምረም ያለ ድምፅ ያሰማል፤ ጎሪላዎቹ ሲረጋጉ የሚያሰሙት ድምፅ ነው። እነሱም ይመልሱለታል። በዚህ ድምፅ ተጠግቶ ማላመድን እዚያ ተራራ ላይ ያስለመደችው ፎሲ ናት። ስለዚህ ሁለታችሁም የምትሉት እዚያው ጫካ ውስጥ አብሮ አለ።

ከ2005 ጀምሮ ደግሞ በየዓመቱ ለተወለዱት ግልገሎች ስም የሚወጣበት በዓል አለ፣ ክዊታ ኢዚና ይሉታል። ገበሬው፣ ተማሪው፣ ሹሙ ተሰብስቦ ይጨፍራል።

የጎባ_ልጅ፦

እኔ ፊልሙን ሳይ የገረመኝ ጫካው ነው! ያ ሽበት የመሰለ ነገር የለበሰው ትልቅ ዛፍ የኛው ኮሶ ነው። እውነቴን ነው፣ ያው ዝርያ። ባሌ ላይ ከዲንሾ ወደ ላይ ስትወጡ የምታዩት ዛፍ። አምጃውም አለ፣ የጅብራ ዘመዶችም አሉ። ጎሪላዎቹ የሚበሉትን ካያችሁ ሳማና ኮሸሽላ ነው፤ ሳማውን ቅጠሉን ጠቅለል አድርገው ነው የሚጎርሱት። እኔ ያደግሁበት አገር መሰለኝ።

እና መምህሩ ያሉት ነገር ከኛም አገር ጋር ይገናኛል። የባሌን ቀይ ቀበሮ በጅምላ የሚፈጀው ከጥይት ይልቅ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ከእረኛው ውሻ ነው የሚጋባበት። በ1990ዎቹ መጀመሪያም፣ በ2003ም፣ በ2008ም፣ በ2014ም ወረርሽኙ መጥቶ ብዙ ቀበሮ ጨርሷል። አሁን በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀበሮዎች ከ500 በታች ናቸው። መፍትሔው ከእረኛው ጋር ተስማምቶ ውሻውን ማስከተብ ነው። እረኛውን ብታባርሩት፣ ብትገርፉት ውሻውን ማን ያመጣላችኋል? የክትባት ቡድኑ ከቤት ቤት የሚዞረው በእግርና በፈረስ ነው፣ ብርዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ስለ እነሱ ፊልም ቢሠራ መጀመሪያ የማየው እኔ ነኝ።

ዳባት_ማዶ፦

@የጎባ_ልጅ ስሜን ላይም እንዲሁ ነው፣ ግን የኛ ታሪክ ይበልጥ ያማል። ፓርኩ በ1978 የዓለም ቅርስ ሆነ፣ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ። በ1996 አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገባ፣ በ2017 ወጣ። ለመውጣቱ አንዱ ምክንያት በ2016 የግጭ ሰዎች ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ መስፈራቸው ነው። ግጭን የማታውቁት፣ ከአምባ ሥር ገብስ የሚዘራበት፣ ከብትና በግ የሚሰማራበት የኖረ መንደር ነበር። ለዋልያውና ለሣሩ ጠቅሟል፣ አልክድም። ግን እርሻና ከብት ብቻ የሚያውቅ ሽማግሌ ከተማ ዳር ካሳ ተሰጥቶት ምን ይሥራበት? ዘመዶቼ ውስጥ ይሄን ያየሁት ሰው አለ። ገንዘቡ አለቀ፣ በጎቹ የሉም፣ ሥራ የለም።

ስለዚህ የፎሲን ፊልም ሳይ ጎጆው ሲቃጠል የማየው ከጎጆው ባለቤት ጋር ሆኜ ነው። ካሜራው ደግሞ ከእሷ ጋር ነው። ከእሳቱ ወጥቶ የሮጠው ሰውዬ ማታ የት እንዳደረ ፊልሙ አያሳይም። አንድ ትዕይንት ብቻ፣ አንድ ደቂቃ እንኳን ቢሰጡት ኖሮ የፎሲን ቁጣም በይበልጥ እንረዳው ነበር እላለሁ።

ፊልም_ወዳጅ፦

@ዳባት_ማዶ የጻፍከውን ደጋግሜ አነበብኩት። መጀመሪያ ላይ ልል የፈለግሁት እሱን ነበር፣ አንተ አሟልተህ ጻፍከው። ካሜራው ከማን ጋር ይቆማል ነው ጥያቄው።

ሌላ የሚያናድደኝን ልጨምር። ሮዝ ካር በፊልሙ ውስጥ አለች፣ ጁሊ ሃሪስ ናት የተጫወተችው፣ አበባ የምታለማ ጎረቤት ሆና። ይህች ሴት በእውን ከ1994ቱ ጭፍጨፋ በኋላ ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ሰብስባ እርሻዋ ላይ የሕፃናት ማሳደጊያ የከፈተች ናት። ያኔ ሰማንያ ዓመት አልፏታል! ፊልሙ ከዚያ በፊት የተሠራ ስለሆነ ይሄ ሊኖር አይችልም፣ ግን ዛሬ ማንም ስለዚያ አካባቢ እንደገና ቢሠራ እሷን የዳር ሰው ማድረግ አይችልም።

ሰላማዊት_ነኝ፦

ይቅርታ ዘግይቼ ገባሁ። ፎሲን ማን ገደላት? ፊልሙ መጨረሻ ላይ ፊቱን አያሳይም። ደሞ ለልጆቼ ላሳያቸው አስቤ ነበር፣ ይሆናል?

ሲኒማ_ቤት፦

@ሰላማዊት_ነኝ ገዳዩ እስከ ዛሬ አከራካሪ ነው። ዲሴምበር 26 ማታ ተገድላ በማግሥቱ ነው የተገኘችው። ጎጆዋ ውስጥ የነበረው ገንዘብ አልተነካም፣ ስለዚህ ሌብነት አይመስልም። በ1986 የሩዋንዳ ፍርድ ቤት አብሯት ይሠራ የነበረ አሜሪካዊ ተመራማሪ ላይ በሌለበት ፈረደ። እሱ ግን አስቀድሞ አገሩ ገብቶ ነበር፣ አልገደልኩም ብሏል። አብሮ የተከሰሰው ሩዋንዳዊ ዱካ ተከታይ ደግሞ እስር ቤት ውስጥ ሞተ። ለብዙ ዓመት ከጎኗ የሠራ ሰው ነበር። የእሱ ሞት በፊልሙ ውስጥ ቃል እንኳን አልተነገረለትም፣ ፊልም_ወዳጅ መጀመሪያ ያነሣው ነገር እዚህ ላይ በጣም ይከብዳል። ፊልሙ ፊት አለማሳየቱ ግን ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ ግድያው ገና ሦስት ዓመቱ ነበርና ያልተረጋገጠ ሰው ላይ ጣት መቀሰር አይገባም ነበር።

ለልጆች ከሆነ ትንንሾቹን ተዪ። የዲጂት ሬሳ ያለ ጭንቅላት ይታያል፣ ካሜራው ቶሎ አይነሣም። ከፍ ላሉት አብረሽ ሆነሽ አሳዪያቸው።

ባዮሎጂ_መምህር፦

@ሰላማዊት_ነኝ ልጆችሽ ፊልሙን ካዩ በኋላ የሚጠይቁሽ «የቀሩትስ ምን ሆኑ?» ብለው ነው፣ ተማሪዎቼም ሁሌ የሚጠይቁኝ ይሄንኑ ነው። ካንትስቢ የሚባል ጎሪላ ነበር፣ በ1978 ፎሲ በነበረችበት ዘመን የተወለደ። አድጎ አውራ ሆነ፣ ቡድኑ በአንድ ወቅት 65 ደርሶ ነበር፣ እንዲህ ያለ ትልቅ ቡድን ታይቶ አይታወቅም። በ2017 ነው የሞተው። ታይተስ ደግሞ አንክል በርት ሲገደል ገና ትንሽ ነበር። ቡድኑ ሲበተን እናቱም ትታው ሄደች፣ ወንዶች ጎሪላዎች አሳደጉት። እሱም አውራ ሆኖ ብዙ ወልዶ በ2009 ሞተ። ሁለቱም የ1994ቱን ጭፍጨፋ፣ ከዚያ በኋላ የመጣውንም ጦርነት አልፈዋል። ካሪሶኬ ካምፕ ፈርሶ፣ ፈረንጆቹ ወጥተው፣ ሩዋንዳውያኑ ዱካ ተከታዮች ግን ጥይት ጋብ ባለ ቁጥር ተራራ እየወጡ ይቆጥሯቸው ነበር። ፊልም መሥራት የሚችል ሰው ይሄን ካነበበ፣ ቀጣዩ ታሪክ ይሄ ነው።